በሚስማር ቀዳዳ

ደብዳቤው ሦስት መስመር፣ ማኅተሙ ደብዛዛ፦
«ልጅዎ አዛናው በሳይንስ ፈዛዛ፤
ደብተሩ ባዶ ነው፣ ይተኛል በክፍል፤
ወላጅ ቀርቦ ያስረዳ፣ ድርሻውን ይክፈል።»

እኔ ምን ላስረዳ?
እኔ፣ ከስድስተኛ የወጣሁ በጓሮ በር፣
አራዳ ገበያ ዳር ባልዲ ስበይድ፣ ቆርቆሮ ስደበድብ ነበር
ዕድሜዬ ያለቀው።

ልምከረው ብል በምክር፣ ልቆጣው ብል በቁጣ፣
መልሱ አንድ ነው፦ «ምን ሊያመጣ?»
«ሙቀት» ስል፣ «ምን ሊያመጣ?»
«ማግኔት» ስል፣ «ምን ሊያመጣ?»
«ፎቶሲንተሲስ» ስል (ከእኔም አፍ በወጉ አልወጣ)
ትከሻውን ሰበቀ፦ «ኧረ አባዬ፣ ምን ሊያመጣ?»

ሰው መከረኝና ሎሚ ገዛሁ አራት፣
የመዳብ ሽቦ፣ ሚስማር፣ ጤፍ የምታህል መብራት፤
«በሎሚ ውሃ አምፖል ይበራል» ተብዬ።
አልበራም። እንደገና ሞከርሁ፣ «በስመ አብ» ብዬ።
አዛናው ሎሚዎቹን ጨመቀ በሻይ፤
«ይህስ ለጉንፋን ነው» አለኝ፣ ፊቴን ሳያይ።

ባቄላ በጥጥ ላይ፣ በጠርሙስ ዘራሁ፤
በቀለ። ሥሩ ሲወርድ አየሁ፣ ብቻዬን ኮራሁ።
እሱ አለፈው፣ የሰው በር ላይ እንዳለ ጫማ።
እናቱ ግን ሳቀች፣ ጎረቤት እስኪሰማ፦
«ለመሆኑ ተማሪው ማነው ከእናንተ?
እሱ ነው ወይስ አንተ?»

ከዚያ አንድ ቅዳሜ።

ቤታችን ጃንተከል ጀርባ ነው፤ መስኮታችን ጠባብ፤
ከፊቱ ተገትሮ፣ ሁልጊዜ ከማየት የማናየው ግንብ።
ባለፈው ክረምት በረዶ መስታወቱን ቢሰብረው
በቆርቆሮ ደፈንሁት፤ ዛሬም እንደዚያው ነው።
አንድ ሚስማር ስቶብኝ፣ እንጨቱን አልፎ፣
ብነቅለው ቀዳዳው ቀረ፣ ምስር አክሎ፣ ተርፎ።

መብራት የለም። ጠዋት ነው። በሩ ተዘግቶ፣ ከአልጋው፣
ከእኔና ከሳይንስ በብርድ ልብስ የተሸሸገው አዛናው
በድንገት ጮኸ፦ «አባዬ! ግድግዳው!»

ሮጬ ገባሁ፣ እባብ መስሎኝ፣ መዶሻዬን ይዤ።
«በሩን! በሩን ዝጋው!» ዘጋሁት፣ ደንዝዤ።
እዚያ፣ ከጨለማው ውስጥ፣ በኖራው ላይ፣
ግንቡ ቁልቁል ተሰቅሏል፤ ከራሱ ሥር ሰማይ፤
ማማው ወለሉን ሊነካ፣ መሠረቱ ጣሪያ ላይ፤
አንድ አሞራ በጀርባው ይበራል፣
አንድ ዛፍ ወደ ታች ይወዛወዛል።

ዝም አልን።
«ለምን?» አለ።

ሦስት ፊደል። ሰባት ዓመት ደጅ የጠናሁላት።
«ለምን ተዘቀዘቀ?»
ልዋሽ አፌን ከፈትሁ፤ አባት ነኝና፤
ምላሴ ደረቀ።
«እኔም አላውቅም» አልሁት።
ዞሮ አየኝ። ፊቴን አየኝ።

ተነሣ። ጣቱን ቀዳዳው ላይ አኖረ፤
ስንት ንጉሥ የተመላለሰበት ግንብ በአንድ ጣት ተሰወረ።
ጣቱን አነሣ፤ ተመለሰ።
«ሚስማር!» አለኝ፤ አቀበልሁ፣ እንደ ረዳት፤
ሁለተኛ ሲበሳ ሁለት ግንብ ሆነ በቅጽበት።
ቀዳዳውን ሲያሰፋው ብርሃኑ ደመቀ፣
ግንቡ ግን እንደ ቅቤ ቀለጠ፣ አለቀ።
እህቱን ትሁኔን ደጅ አቆማት፦
«ጃንጥላውን ከፍ አድርጊ! ከፍ!»
በግድግዳው ላይ ጃንጥላው ወረደ።
ክር ወጠረ፣ ከቀዳዳው እስከ ኖራው፦
«ከላይ የመጣው ወደ ታች ነው የሚሄደው...
ታዲያ መታጠፍ አይችልም?»
እኔን አይደለም የጠየቀው፤
ክሩን ነው።

ፈተናው? ያው ነው፤ ከመቶ አርባ ሁለት።
ቆርቆሮው አሁን አሥራ አንድ ቀዳዳ አለበት፤
ክረምት ሲገባ ለእናቱ ምን እንደምል እንጃ።

እኔ ግን ትናንት፣ ከሥራ ስመለስ፣
በግንቡ አጥር በኩል ሳልፍ፣
ግራ ቀኝ አየሁ፤ ሰው የለም፤
መዶሻዬን መሬት አኖርሁና፣ በአርባ ሰባት ዓመቴ፣
ጎንበስ ብዬ አየሁት፣ በእግሮቼ መካከል፣
ደሜ ወደ ራሴ እስኪወርድ፣
ኮፍያዬ ወደ ላይ እስኪወድቅ ድረስ።